ካርድ የሌለው ወታደር

ጥቁር አንበሳ የተማርን ሁሉ ካርዱ የጠፋ በሽተኛ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አስታማሚው ካርድ ክፍል ሦስት ጊዜ ተመላልሶ "የለም ተባልኩ" ብሎ ይመጣል። ራውንድ የሚመራው ሲኒየር ደግሞ "ካርድ የለም" የሚል መልስ አይቀበልም። ያኔ ያለው ምርጫ ቁጭ ብሎ እንደ አዲስ ታሪክ መውሰድ ነው፤ ከበሽተኛው፣ ከአስታማሚው፣ ከጎረቤት፣ በመጨረሻም ከሰውነቱ።

የአባቴ አባት ወታደር ነበሩ። በቤተሰባችን የሚነገረው ታሪካቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "አባባ ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ ዘምተው፣ ጎጀብ ላይ ተማርከው፣ እዚሁ ቀሩ።" እዚሁ ማለት ሚዛንና አማን አካባቢ ነው። እሳቸው የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሴት አያቴ ግን የቤንች ተወላጅ ነበሩ። አባባ ሲሞቱ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዛሬ አማን የምሠራው እኔ፣ አዲስ አበባ በወጣሁና በተመለስኩ ቁጥር በጅማና በቦንጋ መካከል ያንኑ ጎጀብን እሻገራለሁ።

ይህ ጽሑፍ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለማጣራት ስል ያገኘሁትን የሚተርክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ "እ.ኤ.አ." ካልተባለ በቀር በእኛ አቆጣጠር ነው።

በርሊን ያለው ካርድ

ነገሩን የቀሰቀሰችው አብራን የተመረቀች፣ ኑሮዋን ጀርመን ያደረገች ጓደኛዬ ናት። ባለቤቷ ጀርመናዊ ነው። የእሱም አያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው፣ ስለ ጦርነቱ ቤት ውስጥ ትንፍሽ ሳይሉ ነው የሞቱት። ባልየው ታዲያ ለበርሊን ማመልከቻ ጻፈ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመ፣ የወታደሮችን መሞትና መቁሰል መዝግቦ ለቤተሰብ ሲያሳውቅ የኖረ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተመዘገቡበት የካርድ ክምችት አለው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የጀርመን ፌዴራል ቤተ መዛግብት አካል ሆኗል። ከብዙ ወራት በኋላ መልሱ መጣ፤ የነበሩባቸው የጦር ክፍሎች፣ የቆሰሉበት ቀን፣ የተኙበት የጦር ሆስፒታል። ጓደኛዬ ደውላ "የሰውዬውን ዲስቻርጅ ሰመሪ ላኩለት እኮ!" አለችኝ።

ለጀርመኖችም ቢሆን ሁሉ ነገር አልሞላላቸውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ፖትስዳም በአውሮፕላን ስትደበደብ የጦር ቤተ መዛግብቱ ተቃጥሎ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱት የፕሩሺያ ወታደሮች ማኅደር አብዛኛው ወድሟል። የቅድመ አያቱን የሚፈልግ እንደኛው ባዶ እጁን ነው። ካርዱ የተገኘለትም ቢሆን አላረፈም። ካርዱ የአያቱን የጦር ክፍል ይናገራል፤ ክፍሉ በቆየባቸው አገሮች ግን ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። አያቱ በዚያ ቀን ምን ሲሠሩ እንደነበር ካርዱ ላይ አልተጻፈም። "ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣው" አለችኝ። ቀጥላም "ያንቺስ አያት?" ብላ ጠየቀችኝ።

መዝገብ ያልነበረው ጦር

ለአያቴ ማመልከቻ የሚጻፍበት መሥሪያ ቤት የለም። ምክንያቱ መዝገቡ መጥፋቱ ሳይሆን መጀመሪያውኑ አለመኖሩ ነው። በ1928 የዘመተው ጦር አብዛኛው ደመወዝተኛ አልነበረም። ክተት ሲታወጅ እያንዳንዱ ገዥ የግዛቱን ሰው ይዞ ይነሳል። ወታደሩ ጠመንጃውንም ስንቁንም ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ሚስቱ ወይም ታናሽ ወንድሙ አህያ እየነዱ ይከተሉታል። የአገልግሎቱ ዋጋ የሚከፈለው በመሬትና በመሬቱ ላይ ባለው ገባር ነው። ስሙን የሚያውቀው የቅርብ አለቃው ነው፤ አለቃው ከሞተ መዝገቡም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

ከዚህ የተለዩ ጥቂቶች ነበሩ። ክቡር ዘበኛ አንዱ ነው። ሌላው በ1927 የተከፈተው የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩበት ነበር። የሆለታ ተማሪዎች ስማቸው በወረቀት ላይ ነበር። ወረቀት ላይ መገኘት በኋላ ምን እንዳስከተለ ከታች እመለስበታለሁ።

ያ ዘመን በብዛት የተጻፈው በጠላት እጅ ነው። የየዕለቱ የጦር ሪፖርት፣ የአውሮፕላን ምልልስ፣ የተጣለ ቦምብ ብዛት ሮም ባሉት የጣሊያን ጦር ኃይልና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። የአያቴ ስም እዚያ እንዲገኝ አልጠበቅኩም። የፈለግሁት የጦሩን መንገድና ቀን ነው፤ ያ በታሪክ መጻሕፍት በበቂ ተጽፏል። እንግዲህ የአባባን ወሬ ከዚያ ጎን አስቀምጬ ማስተያየት ጀመርኩ። ወሬውን የሰጡኝ ሰማንያውን ያለፉት ትልቋ አክስቴ ናቸው። ቡና እያፈሉ "አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" እያሉ፣ እኔ በስልኬ እየቀዳሁ።

የብረት ቤት

አባባ ለልጆች የሚነግሩት ተረት መሰል ነገር ነበራቸው። "የብረት ቤት በገደል መንገድ እያጓራ መጣ፤ ውስጡ ሰው አለ። ልጆቻችን ላዩ ላይ ወጥተው በጎራዴና በድንጋይ ቀጠቀጡት። አንዱንም ገፍተው ገለበጡት።" እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። ብረት በእጅ ይገለበጣል እንዴ?

ይገለበጣል። ራስ እምሩ ከ1924 ጀምሮ የጎጃም ገዥ ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲመጣ የጎጃምን ጦር ይዘው ከደብረ ማርቆስ ተነስተው ወደ ሽሬ ዘለቁ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ግንባር ቀደም ጦራቸው ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና በር ላይ የጣሊያንን ጦር ገጠመ። ጣሊያኖች ያሰለፏቸው ታንኮች ትንንሽ ናቸው፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝኑ። መትረየሳቸው ወደ ፊት የተተከለ ስለሆነ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ዞሮ መተኮስ አይችልም። በጠባብ በር ላይ ከኋላ የመጣባቸውን ማየትም መመለስም አልቻሉም፤ ድሉ የኢትዮጵያውያን ሆነ።

አክስቴ ከተረቱ ጋር የሚያስታውሷት አንዲት የአባባ ቃል አለች፤ "አፉን ማዞር አይችልም፤ ከኋላ ከመጣህበት የታሰረ በሬ ነው።" ይህን ስሰማ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። አባባ ማንበብ አይችሉም ነበር። ይህን ያወቁት ወይ አይተው ነው፣ ወይ ካየ ሰው አጠገብ ተኝተው አድረው ነው። ሁለቱም በዚያ ጦር ውስጥ መኖራቸውን ይናገራል።

የሚያቃጥል ዝናብ

ከደምበጉና ቀናት በኋላ፣ በዚያው ታኅሣሥ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ ዳር በእምሩ ጦር ላይ አዲስ ነገር ጣሉ። ራስ እምሩ ከዓመታት በኋላ ለጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጄሎ ዴል ቦካ ነገሩን መስክረዋል። ከአውሮፕላኑ የወረደው ነገር መሬት ሲነካ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫል፤ ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ ውኃ ይቋጥራል። ከወንዙ የጠጡም ተጎዱ። እኛ ሐኪሞች ሰልፈር መስተርድ የምንለው የመርዝ ጋዝ ነው። ጣሊያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃ ነበር። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው።

አባባ "ጦርነት" አይሉም ነበር፤ "ያ የሚያቃጥል ዝናብ" ይሉ ነበር። ሳላቸው ትዝ ይለኛል። ሌሊት ይጀምራቸዋል፤ ቤቱ ሁሉ ይነቃል። ከክንዳቸው እስከ እጃቸው ቆዳቸው ቦታ ቦታ ነጥቶ፣ ቦታ ቦታ ጠቁሮ ነበር። ዓይናቸው ሁልጊዜ ቀይ ነው፤ ፀሐይ አይወዱም።

ተማሪ ሆኜ ቢሆን ኖሮ "ይኸው ማስረጃው!" እል ነበር። አሁን ግን ዲፈረንሻሉን መደርደር ግድ ነው። ለሳሉ ሳንባ ነቀርሳ አለ፣ የማገዶ ጢስ አለ። ለዓይኑ ትራኮማ አለ፤ ያደጉበት ጎጃም ደግሞ ትራኮማ በእጅጉ የተስፋፋበት አገር ነው። በሌላ በኩል በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ በዚሁ ጋዝ የተጎዱ ኢራናውያን ለአሥርት ዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ከዓመታት በኋላ የሚብሰው የቀጭን አየር ቧንቧዎች ጉዳት፣ ዘግይቶ የሚመለሰው የዓይን ብሌን ቁስለት፣ የሚነጣና የሚጠቁረው ቆዳ ሦስቱም በደንብ ተጽፈዋል። ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ አንድ ላይ መታየታቸው ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ከዚህ በላይ አልልም።

የሙያ ጓደኞቼን አንድ ነገር ላስታውስ። ያኔ ተከዜ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ሐኪም አልነበረም። በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው ሕንድና ስኮትላንድ የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ለንደን የአገራቸው መልእክተኛ ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቆ የመጣው በዚያው ዓመት ነው፤ የዘመተውም በኦጋዴን በኩልና ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ከተቋቋመ ገና ወራት መቆጠራቸው ነበር። ከውጭ የመጡት የሕክምና ጓዶችም ቢሆኑ አልተማሩም፤ የስዊድኑ ጓድ በዚያው ታኅሣሥ መልካ ዲዳ ላይ በቦምብ ተመትቷል። ለአባባ ክንድ ያኔ የተደረገለት ሕክምና፣ አክስቴ እንደሚሉት፣ ቅቤ ነው።

ጎጀብና ጥቁር አንበሳ

የካቲት 1928 መጨረሻ የእምሩ ጦር ሽሬ ላይ ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። ራስ እምሩ እንደራሴ ተብለው በተረፈ ጭፍራቸው ወደ ምዕራብ፣ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት ወደነበረበት ወደ ጎሬ አቀኑ። ከጎጃም ጦር አብዛኛው ወደየቤቱ ተበትኗል። አባባ ከጥቂቶቹ ጋር ለምን እንደተከተሉ አክስቴን ስጠይቅ መልሳቸው አጭር ነበር፤ "ወንድሙ ተከዜ ላይ ቀርቶ ምን ብሎ ለእናቱ ይመለስ?"

በዚያው ሰሞን ነቀምቴ ላይ ስሙን ከሆስፒታላችን ጋር የሚጋራው የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተመሠረተ። የዙሩ ተማሪዎች ባለፉ ቁጥር ይህን ስም እንጠራለን፤ የማኅበሩ መሪ የሙያ ዘመዳችን መሆናቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ እንግሊዝ አገር የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። አብረዋቸው የሆለታ ወጣት መኮንኖች፣ ይልማ ዴሬሳ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ነበሩ። ማኅበሩ አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ አወጣ፤ የጦር ሥልጣን ከሲቪሉ ሥልጣን በታች እንዲሆን፣ ገበሬና ምርኮኛ እንዳይበደል የሚደነግግ። ሰኔ 20 ቀን 1928 ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጥለው፣ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ከመጡት አብዛኞቹን ገደሉ።

ከራስ እምሩ ጋር ተቀላቅለው ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሞከሩ፤ አልሆነም። በወለጋ በኩል ብዙ ባላባቶች ከነሱ ጋር አልቆሙም። ለዚያ የገዛ ምክንያት ነበራቸው፤ የአዲስ አበባ አገዛዝና የሰፋሪ ወታደር አያያዝ ያስመረረው ሕዝብ ሲሸነፍ ያየውን መንግሥት ለማዳን አልተጣደፈም። ጦሩ ወደ ደቡብ፣ ወደ ከፋ ተገፋ። ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከብቦ ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ።

አክስቴ "አባባ ቦንጋ የደረሱት ለገና ነው" ይላሉ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ከጎጀብ እስከ ቦንጋ ለእግረኛ የጥቂት ቀን መንገድ ነው፤ በሽሽት፣ በጫካ፣ በሌሊት ሃያ ቀን ቢፈጅ አይገርምም። ቀኑ ገጠመ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን የያዘኝ። ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛ ደሴት ታሰሩ። በጎጀብ እጃቸውን ከሰጡት የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ ከየካቲት 12 በኋላ ተረሸኑ፤ የሐኪም ወርቅነህ ሁለቱ ልጆችም አብረው። ፋሺስቶች የተማረውን እየለዩ ነበር የሚገድሉት፤ የሆለታ ልጆች ስማቸውም ማንነታቸውም የታወቀ ነበር። አባባ ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። ጠመንጃቸውን ጫካ ውስጥ ጥለው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እንደማንኛውም መንገደኛ ሄዱ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የፈለግሁት ካርድ ያኔ ቢኖር ኖሮ እኔ አልወለድም ነበር።

የካቦው ወሬ

እስከዚህ ድረስ ቤተሰቡ በደስታ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ በሴት አያቴ ወገን ዘመዴ የሆኑትን አንድ የቤንች አዛውንት ጠየቅሁ። ልጅ እያሉ አባባን በደንብ ያውቋቸዋል። አዛውንቱ በረጋ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤ "አያትሽ መጀመሪያ የታወቁት በጣሊያን ጊዜ ነው። የመንገድ ሥራ ካቦ ነበሩ። አባቴ ድንጋይ የተሸከመው እሳቸው እየቆጠሩ ነው።"

ለአክስቴ ስነግራቸው ሲኒውን አስቀመጡት። "ባንዳ ነበር ልትዪ ነው?" ወንድሜ ደግሞ ጭራሽ መጽሔቱ ላይ እንዳላወጣው ለመነኝ። ባንዳ የሚለው ቃል እኛ አገር ስም አይደለም፤ ፍርድ ነው። አያት ላይ ሲወድቅ የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ ሳይቀር ይነሳል።

እኔ ግን ከበሽተኛ ታሪክ ውስጥ ያልተመቸኝን ቆርጬ መጣል አልተማርኩም። ቆም ብዬ ዘመኑን አሰብኩ። ጣሊያን ይህን አገር "ጋላና ሲዳማ" ብሎ ከጅማ ይገዛ ነበር፤ ወታደር ከጫካ እየጠራ ምሕረት ይሰጣል፣ መንገድ ሥራ በገፍ ይቀጥራል። የሃያ ዓመት ልጅ፣ አገሩ የብዙ ሳምንት መንገድ የሚርቅ፣ ክንዱ የተቃጠለ፣ ቋንቋውን የማያውቅበት ሰፈር ውስጥ። በ1929 ራብ ሲመጣ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ጫካ ቀረ፤ በዚህ ወገን እነ ገረሱ ዱኪ እስከ መጨረሻው ተዋግተዋል። አንዳንዱ የጣሊያንን እንጀራ በላ። ከዚህኛው ወደዚያኛው የተመላለሰም ብዙ ነው።

አዛውንቱ የመጨረሻውንም ነገሩኝ። በ1933 እንግሊዞችና አርበኞች ሲመጡ ካቦው ከጣሊያን ግምጃ ቤት ጠመንጃ ይዘው ጠፉ፤ ከአርበኞቹ ጋርም ተመለሱ። ቀኑ ከታሪኩ ጋር ይሄዳል። ጅማ ሰኔ 14 ተያዘች። በምዕራብ በኩል ከቤልጂግ ኮንጎ ድረስ የመጡ አፍሪካውያን ወታደሮች አሶሳንና ጋምቤላን ይዘው፣ ጄኔራል ጋዜራ ሰኔ 26 ደምቢ ዶሎ ላይ እጁን ሰጠላቸው። አባባ ካቦም ነበሩ፤ አርበኛም ነበሩ። ሁለቱን የያዘ አንድ ቃል በቤታችን የለም።

የተቃጠለው ወረቀት

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ለአርበኞችና ለወታደሮች መሬት ሰጠ። አባባም ድርሻቸውን እዚሁ አገኙ። መሬት የተሰጠበት ማኅተም ያለው ወረቀት ነበራቸው፤ ስማቸው፣ አገልግሎታቸው፣ የመሬቱ ልክ የተጻፈበት። ወረቀት የሌለው ጦር ብዬ ነበር፤ እንግዲህ የአገልግሎት ወረቀቱ ይኸው ነው። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አጎቴ በአንድ ሌሊት ምድጃ ውስጥ ጨመረው። "ፊውዳል" መባል ያስገድል በነበረበት ጊዜ የፈራ ሰው አይፈረድበትም። በስንት ቤት ውስጥ ስንት የጦር ታሪክ እንዲህ እንደተቃጠለ ግን ገምቱት።

አዛውንቱ ስለዚያ ወረቀት የጠየቁኝ ጥያቄ ሌላ ነው። "መሬቱ ከዚያ በፊት የማን ነበር?"

ከ1890 ዘመቻ በኋላ በከፋ፣ በቤንችና በማጂ ወገን የሰፈረው ወታደር ደመወዙ ገባር ነበር፤ አንድ የቤንች ቤተሰብ ለአንድ ወታደር ያርሳል፣ እንጨት ይሸከማል፣ ማር ይገብራል። የባሪያ ንግዱ መንደሮችን ባዶ አድርጓል። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1934 ነው። እዚህ አገር "ወታደር" የሚለው ቃል ለአክስቴ ጀግና ሲሆን፣ ለአዛውንቱ አባት ደግሞ ጎተራ የሚያራቁት ሰው ነበር። የሴት አያቴ አባት ገባር ነበሩ። እኔ እንግዲህ ከጎጀብ ከተረፈውም፣ እንጨት ከተሸከሙለትም ወገን ነኝ። አባባን "ዘማች" ብቻ ብዬ ብጽፍ የሴት አያቴን ግማሽ ካርድ ቀድጄ እንደጣልኩ ነው።

ይህን ለአክስቴ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ "እናታችንም እንዲህ ትል ነበር፤ አባትሽ ጎጀብን ተሻገረ፣ እኔን ግን አልተሻገረም" አሉና ሳቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሴት አያቴ ስለዚያ ዘመን የተናገሩትን አንድም ቃል ከማንም ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የጠየቀ ስለሌለ ነው። ወንድሜም በመጨረሻ "ከጻፍሽ አይቀር ሙሉውን ጻፊ" አለኝ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

በ1928 የዘመቱት ዛሬ የሉም። ልጆቻቸው ግን አሉ፤ ሰባና ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ደም ግፊትና ስኳር ይዟቸው በየሳምንቱ እኛው ክሊኒክ ይመጣሉ። የሚያውቁትን ይዘው የሚቆዩት ብዙ አይደለም። እኛ ደግሞ ታሪክ መውሰድ ለዓመታት የተማርን ሰዎች ነን፤ የሚመራ ጥያቄ አለመጠየቅን፣ ቀኑን በበዓልና በዝናብ ማስታወስን፣ የአንዱን ቃል ከሌላው ማመሳከርን እናውቃለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው የመገናኛ በዓላችን እያንዳንዳችን ከቤታችን አንድ ሰው ቀድተን እንምጣ። የዘመተ ብቻ ሳይሆን የተዘመተበትን፣ ስንቅ የተሸከመችውን፣ ድንጋይ የቆጠረውንና የተቆጠረበትንም። የታሪክ ክፍል መምህራን አብረውን ቢሠሩና የቤተሰቡን ፈቃድ ይዘን ቅጂውን በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ብናስቀምጥ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ቢያንስ የሚጠይቅበት ቦታ ያገኛል። ሁለተኛ፣ አዲስ ተማሪዎች የጥቁር አንበሳን በር ሲገቡ ስለ ዶክተር ዓለመወርቅና ስለ ጓዶቻቸው አንድ ሰዓት ይነገራቸው። ሰሌዳው ላይ ያለው ስም የሰዎች ስም መሆኑን ይወቁ።

የአባባን ነገር አሁን በሁለት ገጽ ጽፌ ለአክስቴ፣ ለአዛውንቱና ለወንድሜ ልጆች አንድ አንድ ቅጂ ሰጥቻለሁ። ደምበጉና አለበት፤ ተከዜ አለበት፤ ጎጀብ አለበት፤ የካቦነቱ ዘመንም፣ የመሬቱም ነገር አለበት። አዛውንቱ በልጃቸው አስነብበው ሲጨርሱ ያረሙኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባታቸውን ስም ፊደል። አስተካክዬ መልሻለሁ።